ከፊታችሁ በፊት ቦታችሁን አስተካክሉ
(ጥሩ ፎቶ ስለመነሳት ከተደረገ ንግግር በጽሑፍ የቀረበ)

እንደምን ዋላችሁ? ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። «እኔ ፎቶ ላይ አላምርም» የሚል ሰው እስቲ እጁን ያውጣ። አያችሁ? አዳራሹ እጅ በእጅ ሆነ። ያላወጡትም አፍረው ይመስለኛል። ፎቶ ማንሳት ሥራዬ ነው። ካሜራዬ ፊት የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል፣ አፉን የሚከፍተው በዚህች ዓረፍተ ነገር ነው። ቆንጆ የምትሏቸው ሰዎች ሳይቀሩ ይሉኛል። እንዲያውም እነሱ ይብሳሉ።

እኔ ደግሞ የምመልሰው ሁሌም አንድ ነው፤ ፊትህን ተወውና መጀመሪያ የቆምክበትን እንይ። ከካሜራው ምን ያህል ርቀሃል? ብርሃኑ ከየት ነው የሚመጣው? ትከሻህ ወዴት ዞሯል? እነዚህ ከተስተካከሉ በኋላ የሚቀረው ሐሳብህ የት እንዳለ ማየት ነው። ዛሬም የማወራችሁ ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ ግን ያንን ድንጋጤ እንፍታው። ፎቶ ላይ ራሳችንን ስናይ «ይሄ እኔ ነኝ?» የምንለው ለምንድነው? የራሳችንን ፊት የምናውቀው ከመስታወት ነው። መስታወት ደግሞ ግራና ቀኛችንን አገላብጦ ያሳየናል። የማንም ሰው ፊት ሁለቱ ጎኖቹ እኩል አይደሉም። አንዱ ቅንድብ ከፍ ይላል፣ አፍንጫ በትንሹ ያዘነብላል፣ ፈገግታ ወደ አንድ ጉንጭ ያደላል። ዕድሜ ልካችሁን በአንድ በኩል የለመዳችሁት ነገር ፎቶ ላይ በሌላው በኩል ይመጣል። ምን እንደሆነ አታውቁትም፤ ብቻ የሆነ ነገር ልክ አልመጣ ይላችኋል።

በ1977 (ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት ይህንን ፈትሾታል። ተመራማሪዎቹ ሴቶችን ፎቶ አነሱና እያንዳንዱን ፎቶ በሁለት መልክ አሳተሙት፤ አንዱን እንዳለ፣ ሌላውን እንደ መስታወት ገልብጠው። ባለፎቶዎቹ የተገለበጠውን ማለትም የመስታወቱን መረጡ። የቅርብ ጓደኞቻቸው ደግሞ እንዳለ የታተመውን መረጡ። ሁሉም የለመደውን ፊት ነው የመረጠው። እናታችሁ የምታውቀውና የምትወደው ፊት ፎቶው ላይ ያለው ነው። በፎቶው ቅር የተሰኛችሁት እናንተ ብቻ ናችሁ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ከሁሉም ርቀት ይቀድማል።

ሰልፊ ስትነሱ ክንዳችሁ የቱንም ያህል ቢረዝም ስልኩ ከፊታችሁ ብዙም አይርቅም። አፍንጫችሁ ደግሞ ከጆሯችሁ ይልቅ ለካሜራው ይቀርባል። ካሜራው 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ከሆነ በአፍንጫና በጆሮ መካከል ያለው ልዩነት የጠቅላላው ርቀት ትልቅ ድርሻ ነው። ካሜራው 2 ሜትር ላይ ሲሆን ያው ልዩነት ከቁጥር አይገባም። አፍንጫ በሰልፊ የሚያብጠው፣ ጆሮ ወደ ኋላ የሚሸሸው፣ ፊት የሚሾለው በዚህ ምክንያት ነው። በ2018 አንድ የፊት ቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ነገሩን በቁጥር አሳይቶታል። በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት የተነሳ አፍንጫ በ1.5 ሜትር ከተነሳው ጋር ሲነጻጸር 30 በመቶ ገደማ ሰፍቶ ይታያል። ሰልፊውን ይዞ ሐኪም ዘንድ «አፍንጫዬን አስተካክሉልኝ» ብሎ የሚሄድ ሰው አለ እኮ። አፍንጫው ምንም አላደረገም። ጥፋቱ የክንዱ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ስልኩን ለሌላ ሰው ስጡ። ሰውየው ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ይራቅ፣ ከዚያ በዙም ያቅርባችሁ። ስልኩ ለማቅረብ የተሠራ ሁለተኛ ሌንስ ካለው ባለ 2 ወይም ባለ 3 እጥፉን ይጠቀም። ከሌለውም ግዴለም፤ ከሩቅ አንስቶ በኋላ ዳር ዳሩን ይቁረጠው። ሰው የሌለበት ቦታ ከሆናችሁ ስልኩን የሆነ ነገር ላይ አስደግፉና በሰዓት ቆጣሪው ተነሱ።

እዚህ ላይ ፎቶ አንሺዎችም ሳይቀሩ የሚያምታቱትን ነገር ላንሳ። ለፊት ፎቶ 85 ወይም 105 ወይም 135 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይመረጣል፤ «ፊትን ያሳምራል» ይባልለታል። ሌንሱ በራሱ ፊትን አያሳምርም። ፊቱ በልኩ እንዲገባለት አንሺው ወደ ኋላ መራቅ አለበት፤ ሥራውን የሚሠራው መራቁ ነው።

ሌላም አለ። የስልክ ዋናው ካሜራ ሰፊ የሚያይ ስለሆነ ጠርዝ ላይ ያለውን ነገር ይለጥጠዋል። በቡድን ፎቶ ዳር የቆመው ሰው ወፍሮ የሚወጣውም ለዚህ ነው። እኔ ስለማውቅ ሁሌ መሃል ነው የምገባው። አሁን እናንተም አወቃችሁ፤ እንግዲህ እንጋፋለን።

የካሜራው ከፍታም የዚሁ የርቀት ነገር ነው። ለካሜራ የቀረበ ይተልቃል፣ የራቀ ያንሳል። ለፊት ፎቶ ካሜራውን በዓይን ትይዩ ወይም ከዓይን ትንሽ ከፍ አድርጉት። ከታች ካነሱት አገጭና የአፍንጫ ቀዳዳ ይገናል። ለሙሉ ቁመት ፎቶ ግን አንሺው ካሜራውን እስከ ሆዱ ዝቅ ያድርገው። ቆሞ ከዓይኑ ከፍታ ካነሳችሁ ጭንቅላታችሁ ተልቆ እግራችሁ ያጥራል። ልጆችን የሚያነሳ ሰው ደግሞ ይንበርከክ።

ብርሃን። ስለ ብርሃን ማውራት ከጀመርኩ ስለማንጨርስ የሚጠቅማችሁን ብቻ ልናገር።

ጣሪያ ላይ ካለ አምፖል ሥር አትነሱ። የቀትር ፀሐይም ከዚያ አይለይም። ሁለቱም ከአናት ስለሚወርዱ ቅንድብ ዓይን ላይ ጥላ ይጥላል፣ ዓይን ጉድጓድ ይሆናል፣ አፍንጫም ከንፈር ላይ ጥላ ያጠላል። ትናንት በደንብ የተኛ ሰው እንኳ ሳምንት ያልተኛ ይመስላል። ከቤት ውጭ ከሆናችሁ የሕንፃ ጥላ ፈልጉ። ጥላው ውስጥ ግቡ፣ ግን ጠርዙ አካባቢ ሁኑና ፊታችሁን ወደ ገላጣው ሰማይ አዙሩ። የዛፍ ጥላ ግን ይሸውዳል፤ በቅጠሉ መሃል የሚሾልከው ፀሐይ ፊትን ዥጉርጉር ያደርገዋል።

ቤት ውስጥ ከሆናችሁ መስኮት አለላችሁ። ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት ትልቅ መስኮት ከብዙ ውድ የስቱዲዮ መብራት አያንስም። ጣሪያ ላይ ያለውን አምፖል አጥፉት፤ ቢጫው ከመስኮቱ ብርሃን ጋር ሲቀላቀል የቆዳን ቀለም ያበላሻል። ከመስኮቱ አንድ ሜትር ያህል ራቁና ፊታችሁን በከፊል ወደ እሱ አዙሩ። አንዱ ጉንጭ ይበራል፣ ሌላው ላይ ለስላሳ ጥላ ያርፋል። በጥላው ጉንጭ ላይ፣ ከዓይን ሥር፣ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ብርሃን ካያችሁ የሬምብራንት ብርሃን የሚባለውን አገኛችሁት። ስያሜው የመጣው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን የሆላንድ ሠዓሊ ነው። ጥላው ከጠቆረባችሁ በዚያ በኩል ነጭ ጨርቅ ወይም ነጭ ካርቶን ይያዝላችሁ፤ ብርሃኑን መልሶ ይሰጣችኋል። ዓይናችሁ ውስጥ የመስኮቱ ነጸብራቅ መታየቱንም አረጋግጡ። ያቺ ነጥብ ከሌለች ዓይን ይሞታል።

ጥቁር ቆዳ ላለን ሰዎች አንድ ነገር መጨመር አለብኝ፤ ጥፋቱን ራሳችን ላይ ስንጭን ስለኖርን። የቀለም ፊልም በነበረበት ዘመን ፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ቀለማቸውን የሚያስተካክሉት «ሸርሊ ካርድ» በሚባል ናሙና ነበር። የፊልም አምራቹ ኮዳክ ያሰራጨው ካርድ ላይ የነበረችው ነጭ ሴት ናት። የእሷ ቆዳ ጥሩ ከወጣ ፎቶው ጥሩ ነው ይባል ነበር። ጥቁር ፊት ዝርዝሩ ጠፍቶ ቢወጣ የሚጠይቅ አልነበረም። የስልክ ኩባንያዎችም ነገሩን በግልጽ ማንሳት የጀመሩት በቅርቡ ነው፤ ጉግል በ2021 ፒክስል 6 የተባለውን ስልኩን ሲያወጣ «ሪል ቶን» ብሎ ለብቻው ሠርቶበታል።

እናንተ ማድረግ የምትችሉት ይሄ ነው። ከኋላችሁ ደማቅ ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ ካለ ካሜራው በእሱ ተታሎ ፊታችሁን ያጨልማል። አንሺው ስክሪኑ ላይ ፊታችሁን ይንካው፣ ካስፈለገም ብርሃኑን ትንሽ ከፍ ያድርገው። ጥቁር ቆዳ ውበቱ ብርሃን ሲያርፍበት የሚያወጣው ወዝ ላይ ነው። ስለዚህ ከጎን የሚመጣ ሰፊ ብርሃን ያምርበታል፤ የጉንጭን አጥንት፣ የግንባርን ቅርጽ ያወጣዋል። የስልክ ፍላሽ ግን ከፊት ለፊት ስለሚመታ ቅርጹን ደፍጥጦ ግንባርን ብቻ ያብለጨልጨዋል። ፊት የሚያነጣውን ፊልተር ደግሞ ዛሬውኑ አጥፉልኝ። ምንም የሚያስተካክለው ነገር የለም፤ ሰውየውን በሌላ ሰው ይተካዋል እንጂ።

እሺ፣ ሰውነት። ተነሱና አብረን እንሞክር።

መጀመሪያ ፊት ለፊት ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፤ ሁለቱም እግር እኩል፣ ትከሻ ወደ እኔ። ይሄ የሰልፍ አቋም ነው። ሰውነትን በሰፊው ጎኑ ያሳየዋል። አሁን ክብደታችሁን የኋላ እግራችሁ ላይ ጣሉና የፊተኛውን ጉልበት ልቀቁት። ዳሌ ዞረ፣ ትከሻም ተከተለ አይደል? ሰውነታችሁ በትንሹ ወደ ጎን ይሁን፣ ፊታችሁን ብቻ ወደ ካሜራው መልሱት። የጥንት ግሪክ ቀራጮች ለድንጋዩ ሕይወት የሰጡት በዚሁ በአንድ እግር ላይ ማረፍ ነው።

ቀጥሎ አገጭ። ብዙ ሰው ካሜራ ሲያይ ይሸሻል፤ አንገቱን ወደ ኋላ ይስባል። ያኔ ቀጭኑም ሰው ድርብ አገጭ ያወጣል። አንዳንዱ ደግሞ ይህንን ፈርቶ አገጩን ያነሳል፣ የአፍንጫውን ቀዳዳ ያሳየናል። ሁለቱንም ተዉ። ግንባራችሁን ወደ ካሜራው ትንሽ ግፉት፤ ከዚያ አገጫችሁን ስንዝር ሳይሆን ጣት ያህል ብቻ ዝቅ አድርጉት። አዎ፣ ያስጠላል። ከጎን ለሚያያችሁ ሰው አንገቷን ያወጣች ኤሊ ትመስላላችሁ። ከፊት ግን የመንጋጋ መስመር ጥርት ብሎ ይወጣል። ፒተር ኸርሊ የሚባል የኒው ዮርክ ፎቶ አንሺ ስሙን ካስጠሩት ምክሮች አንዱ ይሄው ነው። እኔም ከአንድ ምክር በላይ እንዳልናገር ብትከለክሉኝ የምመርጠው እሱን ነው።

ክንዳችሁን ከጎናችሁ አላቁት። ተጣብቆ ሲቀመጥ ክንዱም ይጨፈለቃል፣ ወገብም ይጠፋል። በክርንና በወገብ መካከል ትንሽ ብርሃን ይግባ።

እጅ ከሁሉም ያስቸግራል። «እጄን የት ላድርገው?» ያላለኝ ሰው የለም። ሥራ ስጡት። ኪስ ውስጥ ከሆነ አውራ ጣቱ ውጭ ይቅር። የኮቱን ጠርዝ ይያዝ፣ መነጽር ይያዝ፣ ሌላኛውን ክንድ ይያዝ። ሲይዝ ግን አይጨብጥ፤ ጣቶች ፈታ ይበሉ። የእጅ ጀርባ ለካሜራው ሰፍቶ ስለሚታይ በጎኑ አሳዩት። ከፊት አጠገብ ያለ እጅ ደግሞ ፊትን ይንካ እንጂ አይደገፍበት፤ ጉንጭ ተገፍቶ ያብጣል። ስትቀመጡ ወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ፣ ከወገባችሁም ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል በሉ። መደገፊያው ላይ ከሰመጣችሁ ሆድ ይቀድማችኋል።

አሁን አየር ሳቡና በአፋችሁ ቀስ ብላችሁ አስወጡት። ትከሻችሁ ሲወርድ ተሰማችሁ? ፎቶው መነሳት ያለበት እዚያች ላይ ነው። ተቀመጡ፣ አመሰግናለሁ።

በነገራችን ላይ ለካሜራ ድርቅ ብሎ መቆም ድሮ ግዴታ ነበር። ዳጌሮታይፕ የሚባለው የጥንት የፎቶ አሠራር በ1839 ይፋ ሲሆን አንድ ምስል ለማውጣት ደቂቃዎች ይፈጅ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ጊዜው ቢያጥርም ሰዎች እንዳይነቃነቁ ጭንቅላታቸው ከኋላ በብረት ይደገፍ ነበር። ዛሬ ካሜራው የሰከንድ 200ኛ ክፍል ይበቃዋል። ብረቱ ከተነሳ ቆየ፤ እኛ ግን አሁንም ብረቱ እንዳለ ሁሉ እንቆማለን።

ወደ ፈገግታ ልምጣ። ዱሼን የሚባል የፈረንሳይ ሐኪም የፊት ጡንቻዎችን በኤሌክትሪክ እያነቃቃ ፎቶ አስነስቶ በ1862 አሳትሟል። ያገኘው ነገር ዛሬም ይሠራል። የከንፈርን ጫፍ ወደ ላይ የሚስበው ጡንቻ በትእዛዝ ይንቀሳቀሳል፤ «ሳቅ በል» ስትሉት ይስባል። በዓይን ዙሪያ ያለው ጡንቻ ግን ለብዙ ሰው በትእዛዝ እሺ አይልም። የሚመጣው ሰውየው ከልቡ ደስ ሲለው ነው። «ፈገግ በሉ» ተብለን የምንነሳው ፎቶ የሚያስጠላው ለዚህ ነው፤ አፍ ይስቃል፣ ዓይን ይጠብቃል። አንሺው «አንድ፣ ሁለት…» እያለ ሲያራዝመው ደግሞ ያቺም ፈገግታ ከንፈር ላይ ትደርቃለች።

ታዲያ ዓይንን ማን ያዘዋል? ሌላ ሐሳብ። ፎቶ አንሺው ዩሱፍ ካርሽ በታኅሣሥ 30 ቀን 1941፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፣ በካናዳ ዋና ከተማ ኦታዋ ውስጥ የእንግሊዝን ጠቅላይ ሚኒስትር ዊንስተን ቸርችልን ሊያነሳ ቆሟል። ቸርችል ሲጋሩን፣ ያንን ወፍራም የትምባሆ ጥቅል፣ ከአፉ አላወጣ አለ። ካርሽ ጠጋ ብሎ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ ሲጋሩን ከአፉ መንጭቆ ወሰደው። ተመልሶ ካሜራው ጋ ሲደርስ ቸርችል በቁጣ አፍጥጦበታል። አነሳው። ቀጥሎ ቸርችል ፈገግ ብሎ ሌላ እንዲያነሳው ፈቀደለት፤ ያም ፎቶ አለ፣ የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ሰው ነው። ዓለም የያዘው የቁጣውን ነው። እንግሊዝ በ2016 ያወጣችው የ5 ፓውንድ ኖት ላይ ያለውም እሱ ነው። ቸርችል በዚያች ሰከንድ ስለ መልኩ እያሰበ አልነበረም። ስለ ሲጋሩ ነበር የሚያስበው።

ፊሊፕ ሃልስማን የሚባል ሌላ ፎቶ አንሺ ደግሞ በ1950ዎቹ ታዋቂ ሰዎችን አንስቶ ሲጨርስ «አንዴ ዝለሉልኝ» ይላቸው ነበር። ማሪሊን ሞንሮም ዘላለች፣ ሪቻርድ ኒክሰንም ዘሏል። የሚዘል ሰው ፊቱን ለመጠበቅ ጊዜ የለውም የሚል እምነት ነበረው። እናንተ እንድትዘሉ አልጠይቅም። ግን ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ የምትወዱትን አንድ ሰው አስቡ፣ በደፈናው ሳይሆን ያ ሰው ያሳቃችሁን ነገር፣ ከዚያ ዓይናችሁን ክፈቱ። ወይም ወደ ካሜራው ተራመዱ። ወይም ከአንሺው ጋር ስለ ሌላ ነገር ተከራከሩ። አንሺዎች፣ እናንተም አውሩ! ዝም ያለ አንሺ ፊት የማይደርቅ ሰው አላየሁም። ሲስቁላችሁ ሳቁ ላይ ብቻ አታንሱ፤ ሳቁ ሲበርድ ፊት ላይ የሚቀረውን ጠብቁት። የእኔ ምርጥ ፎቶዎች ከዚያ የወጡ ናቸው።

መሳቅ የማይፈልግ ሰው የግድ አይሳቅ። ዓይኑ ግን አይፍጠጥ። የፈራ ዓይን ይፈጣል። የታችኛውን የዓይን ቆብ በጣም በትንሹ ወደ ላይ ሰብሰብ ስታደርጉት በራሱ የሚተማመን ሰው እይታ ይመጣል። መስታወት ፊት ተለማመዱት። ከበዛ ግን ፀሐይ የመታው ሰው ይመስላል።

ልብስን በአጭሩ ልለፈው። አንድ ወጥ ቀለም ይሻላል፤ ጥቃቅን መስመር ያለው ጨርቅ ካሜራ ላይ ይንቀጠቀጣል። ልክ የሆነ ልብስ ልበሱ፤ የሰፋውን ከጀርባ በመቆንጠጫ መያዝ ይቻላል፣ ማንም አያየውም። መነጽር ካላችሁ የጆሮ ማንጠልጠያውን ከጆሮ ትንሽ ከፍ አድርጉት፤ መስታወቱ ወደ ታች ያዘነብልና ነጸብራቁ ይጠፋል።

«የትኛው ጎኔ ይሻላል?» ለምትሉ፣ በ1973 የታተመ አንድ ጥናት ከአውሮፓ የተሰበሰቡ 1,474 የሥዕል ፖርትሬቶችን አይቶ 60 በመቶው ግራ ጉንጫቸውን እንደሚያሳዩ ቆጥሯል። እና ግራ ይሻላል ማለት ነው? ለእናንተ ላይሆን ይችላል። ሁለቱንም ተነሱና አወዳድሩ።

ስታወዳድሩ ግን ብቻችሁን አትምረጡ። በ2017 የታተመ ጥናት ሰዎች የራሳቸውን ፕሮፋይል ፎቶ ሲመርጡና የማያውቋቸው ሰዎች ሲመርጡላቸው ምን እንደሚሆን አነጻጽሯል። የማያውቋቸው ሰዎች የመረጡላቸው ሌላ ተመልካች ዘንድ የተሻለ ስሜት ፈጥሯል። ብዙ ተነሱ፣ ግልጽ የተበላሹትን አጥፉ፣ የቀሩትን ለሁለት ለሦስት ሰው አሳዩ። ለሥራ ማመልከቻ የሚሆነውንና ለጓደኛ የሚላከውን ለየብቻ ጠይቁ፤ መልሱ አንድ አይሆንም።

ጥያቄ አለ? እዚያ ጋ… አዎ። «ጉርድ ፎቶስ? ፓስፖርት ላይ ሁሌ ወንጀለኛ ነው የምመስለው» ይላሉ።

እሱ ላይ ነፃነታችሁ ጠባብ ነው። ፊት ቀጥ ብሎ፣ አፍ ተዘግቶ፣ ዓይን ተከፍቶ፣ ያለ ፈገግታ መሆን አለበት፤ ማሽን ፊታችሁን እንዲለይ ነው የተፈለገው። ግንባር መግፋቱንም፣ መዞሩንም እርሱት። ነገር ግን ርቀቱ ይሠራል፤ አንሺው ተጠግቶ ካነሳችሁ ራቅ በል በሉት። ግንባራችሁ ላይ ያለውን ላብና ቅባት ጥረጉ። ትከሻችሁን በትንፋሽ አውርዱ። ካሜራው ጠቅ ከማለቱ በፊት ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ክፈቱ፣ ማፍጠጡን ይቀንሰዋል። ታትሞ ከመሰጠቱ በፊት ስክሪኑ ላይ አሳየኝ በሉ። ካልወደዳችሁት ድገምልኝ በሉ፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅበትም።